የሴራሚክ ከሰል ግሪል ጋስኬትን ያለ አደጋ መቀየር

በሴራሚክ የከሰል ግሪል ክዳንና በታችኛው አካሉ መካከል የሚለጠፈው ቀጭን ጋስኬት ሁለት ሥራ አለው። አንደኛው ከላይና ከታች ካሉት የአየር በሮች በቀር አየር በሌላ መንገድ እንዳይገባና እንዳይወጣ መዝጋት ነው። የዚህ ዓይነት ግሪል ሙቀት የሚስተካከለው በሚገባው አየር መጠን ስለሆነ፣ በጠርዙ በኩል የሚሾልክ ጥቂት አየር እንኳ ፍሙን ያለ ፈቃድ ያራግበዋል፤ ሥራ አልቆ እሳቱን ለማጥፋት በሮቹ ሲዘጉም ከሰሉ ሳይጠፋ ሲነድ ያድራል። ሁለተኛው ሥራው ከባዱ ክዳን ሲዘጋ ሴራሚክ ከሴራሚክ ጋር እንዳይጋጭ መሐል ገብቶ ምቱን ማብረድ ነው። ብዙ ሰው የመጀመሪያውን ብቻ ያስታውሳል። ነገር ግን ጋስኬቱ አልቆ ባዶውን የቀረ ጠርዝ ክዳኑ በተዘጋ ቁጥር የሚያርፍበት ምት ውሎ አድሮ ሊሸርፈው ወይም ሊሰነጥቀው ይችላል፤ የተሰነጠቀ ክዳን ደግሞ እንደ ጋስኬት በቀላሉ የሚተካ አይደለም።

መቀየር ያስፈልገዋል ወይ?

ጋስኬት ስለጠቆረ ብቻ አይቀየርም። ጢስና ስብ ከጊዜ ብዛት ያጠቁሩታል፣ ያደርቁታልም፤ ሆኖም ክዳኑ በደንብ እስከገጠመ ድረስ እንዲህ ያለው ጋስኬት ገና ብዙ ሊያገለግል ይችላል። መቀየር የሚያስፈልገው ሲሳሳ፣ ሲበጣጠስ፣ ከጠርዙ ሲላቀቅ ወይም ከስሎ ሲረግፍ ነው። ለማረጋገጥ ግሪሉ ቀዝቃዛ ሳለ ሁለት ጣት ያህል ስፋት ያለው የወረቀት ቁራጭ በጠርዙ ላይ አድርገው ክዳኑን ይዝጉና ወረቀቱን በቀስታ ይሳቡት። መጠነኛ መያዝ ከተሰማዎት ያ ቦታ ደህና ነው፤ ወረቀቱ ምንም ሳይዘው ተንሸራትቶ ከወጣ ግን ክፍተት አለ ማለት ነው። ይህንኑ በጠርዙ ዙሪያ በየ10 ሴንቲ ሜትሩ ገደማ ይደጋግሙ፤ ወረቀቱ የላላበትንም ቦታ ሁሉ ከውጭ በኩል በጠመኔ ምልክት ያድርጉበት።

እነዚህ ምልክቶች ጋስኬቱ ማለቁን ከማሳየት አልፈው ለምን እንዳለቀም ይናገራሉ፤ በእኔ እምነት አብዛኛው ሰው የሚዘለው ይህንን ነው። ጋስኬቱ ዙሪያውን በእኩል ደረጃ ካረጀ ምክንያቱ ዕድሜ ወይም ተደጋጋሚ ከፍተኛ ሙቀት ነው። በአንድ ወገን ብቻ ከተቃጠለ ግን ክዳኑ ዘንበል ብሎ ተቀምጧል፣ ወይም ክዳኑን ዙሪያውን አቅፎ ከማጠፊያው ጋር የሚይዘው የብረት ቀበቶ ላልቷል፣ አለበለዚያም ነበልባሉን ወደ ጠርዙ የሚመልስ ሰፊ ድንጋይ ወይም ሙቀት መከለያ ውስጥ አለ ብሎ መጠርጠር ያስፈልጋል። በክፍተቱ በኩል የጋለ አየር ያለማቋረጥ ስለሚሾልክ በዚያ ቦታ ያለው ጋስኬት ከሌላው ቀድሞ ይከስላል። መንስኤው ሳይስተካከል አዲስ ጋስኬት ቢለጠፍ በዚያው ቦታ እንደገና ይቃጠላል። ስለዚህ ምልክቶቹን በወረቀት ላይ ይገልብጧቸው ወይም ፎቶ ያንሷቸው፤ በኋላ ክዳኑ ሲስተካከል ይፈለጋሉ።

አዲሱን ጋስኬት መምረጥና መለካት

በገበያ ላይ የሚገኙት በጥቅሉ ሦስት ዓይነት ናቸው። ከተጠቀጠቀ ሱፍ የተሠራው ለስላሳና ጥሩ ገጣሚ ነው፤ ነገር ግን ለከፍተኛ ሙቀት ደካማ ስለሆነ ረጋ ባለ እሳት ብቻ ለሚጠቀም ሰው ይበቃል። ኖሜክስ የሚባለው ሰው ሠራሽ ጭረት አይቀልጥም፤ ሆኖም ወደ 370 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲጠጋ መክሰል ይጀምራል። ፋይበርግላስ ከሁለቱም የበለጠ ሙቀት ይችላል፤ ነገር ግን ጠጠር ያለ ስለሆነ በክዳኑ ክብደት ቶሎ አይተኛም፣ ሲቆረጥም ጫፉ ይተረተራል። ግሪልዎን አዘውትረው በከፍተኛ እሳት የሚጠቀሙ ከሆነ ፋይበርግላስን እመርጥልዎታለሁ፤ ካልሆነ ኖሜክስ ለመሥራትም ለመግጠምም ይቀላል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መዘንጋት የለበትም። ጋስኬቱ ምንም ያህል ሙቀት ቢችል፣ የያዘው ማጣበቂያ ቀድሞ ከተሸነፈ ይረግፋል። ለሞተርና ለምድጃ የሚሸጠው ቀይ ሙቀት ቻይ ሲሊኮን በአብዛኛው ያለማቋረጥ ወደ 260 ዲግሪ፣ ለአጭር ጊዜ ደግሞ ከ300 ዲግሪ በላይ እንደሚችል በቱቦው ላይ ይጻፋል። ጽሑፉን ያንብቡና ከዚህ ያነሰ የሚል ወይም ለቤት ዕቃ ማጣበቂያነት ብቻ የተሠራ ኮላ አይጠቀሙ። አንዳንድ ጋስኬቶች ከጀርባቸው ተለጣፊ ሆነው ይመጣሉ፤ ለእነዚህ ጠርዙ ፍጹም ንጹሕና ደረቅ ከሆነ ሌላ ማጣበቂያ አያስፈልግም።

ሲለኩ የጠርዙን ስፋት፣ የአሮጌውን ጋስኬት ውፍረትና የክቡን ዙሪያ ይመዝግቡ። ዙሪያውን በሜትር ገመድ መለካት ይሻላል፤ ካልተመቸ ከጠርዙ መሐል እስከ ተቃራኒው ጠርዝ መሐል ያለውን ርቀት በ3.14 ያባዙት። ርቀቱ 50 ሴንቲ ሜትር ቢሆን አንዱ ዙሪያ 157 ሴንቲ ሜትር፣ የላይኛውና የታችኛው ሲደመሩ 314 ሴንቲ ሜትር ይሆናል፤ ለእያንዳንዱም ቢያንስ 10 ሴንቲ ሜትር ትርፍ ይጨመርበታል። ውፍረቱን ችላ አይበሉ። ከቀድሞው እጅግ የወፈረ ጋስኬት በሁለቱም ጠርዝ ላይ ከተለጠፈ ክዳኑ ከማጠፊያው በኩል ቀድሞ ስለሚነካ ከፊት ለፊት ክፍት ሆኖ ይቀራል።

ከመጀመርዎ በፊት

ግሪሉ በመጨረሻ ከነደደ ቢያንስ 24 ሰዓት ይለፍ። ሴራሚክ ሙቀትን አጥብቆ ስለሚይዝ፣ ከላይ ሲነካ የቀዘቀዘ የሚመስል ግሪል ከአመዱ ሥር የተደበቀ ፍም ሊኖረው ይችላል፤ ከዚህ ፍም አጠገብ ደግሞ ስብንና ሙጫን ለማጽዳት አሴቶን የተባለ በቀላሉ የሚቀጣጠል ፈሳሽ ልንጠቀም ነው። አመዱንና የቀረውን ከሰል ክዳን ባለው የብረት ዕቃ ውስጥ ይገልብጡ፤ በፕላስቲክ ከረጢት ወይም በወረቀት ካርቶን ፈጽሞ አያድርጉ። ፍርግርጉን፣ ሙቀት መከለያውንና የሚነሱትን የውስጥ ክፍሎች አውጡና ከፍርፋሪ ነፃ በሆነ ቦታ ያስቀምጡ። ለማቀዝቀዝ ውኃ ማፍሰስ ሴራሚኩን ሊሰነጥቅ ስለሚችል ጊዜውን መጠበቅ ግዴታ ነው።

ሥራው የሚሠራው ከቤት ውጭ ወይም ነፋስ በሚዘዋወርበት ቦታ ነው። የሚያስፈልጉት ነገሮች ብዙ አይደሉም፦ የስቱኮ መፋቂያ፣ ምላጭ ከነመያዣው፣ ለስላሳ የሽቦ ብሩሽ፣ ደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት፣ ሙቅ አየር የሚነፋ መሣሪያ፣ አሴቶን፣ ንጹሕ የጥጥ ጨርቅ፣ ስለታም መቀስ፣ ለቡሎኖቹ የሚሆን ቁልፍ፣ ጓንት፣ መከላከያ መነጽርና የአቧራ መከላከያ ጭንብል። መነጽሩ ለይስሙላ የተጠቀሰ አይደለም፤ የክዳኑ ጠርዝ በሚፋቅበት ጊዜ የደረቀው ፍርፋሪ ወደ ፊትዎ ይረግፋል።

ግሪሉ የአሥርተ ዓመታት ዕድሜ ካለውና ጋስኬቱ ከምን እንደተሠራ የሚያውቅ ሰው ከሌለ፣ አሮጌውን በደረቁ አይፋቁት። አስቤስቶስ በ20ኛው ክፍለ ዘመን በብዙ ሙቀት ቻይ ጋስኬቶች ውስጥ ይገባ ነበር፤ ብናኙም ለሳንባ እጅግ አደገኛ ነው። እንዲህ ያለ ጥርጣሬ ሲኖር ከሁሉ የሚሻለው ሳይነኩ ለባለሙያ ማሳየት ነው።

ክዳኑንና ሞላውን በተመለከተ

በዚህ ሥራ ሰው የሚጎዳው አብዛኛውን ጊዜ በእሳት ሳይሆን በክዳኑ ነው። ከኋላ ያለው ማጠፊያ ከባዱን ክዳን በእጅ ማንሳት እንዲያስችል በጠንካራ ሞላ ይረዳል፤ ሞላው ከፍተኛ ውጥረት ላይ የሚሆነው ደግሞ ክዳኑ ሲዘጋ ነው። ስለዚህ አንድ ሰው ክዳኑ ተዘግቶ ሳለ የላይኛውን የብረት ቀበቶ ቡሎኖች አላልቶ ክዳኑን ካወጣ፣ የሚጫነው ክብደት በመነሳቱ ቀበቶው በድንገት ወደ ላይ ሊወረወርና ፊትን ወይም እጅን ሊመታ ይችላል። ክዳኑ ተከፍቶ ሳለ ቡሎኖቹ ከላሉም ክዳኑ ከቀበቶው ተንሸራትቶ ይወድቃል።

የእኔ ምክር ክዳኑን ጨርሶ ላለማውለቅ ነው። ክዳኑን እስከ መጨረሻው ከፍተው፣ እንዳይመለስ እጀታውን በጠንካራ ገመድ ከማይነቃነቅ ነገር ጋር ቢያስሩት ወይም ረዳት ቢይዘው፣ ሁለቱም ጠርዞች ለሥራ ይመቻሉ። ማጠፊያው ራሱ ተበላሽቶ ማውለቁ የግድ ከሆነ ግን ሥራው የሁለት ሰው ነው። ክዳኑ ይዘጋል፤ ቀበቶውና የማጠፊያው ክንድ ወደ ታች እንደተያዙ በገመድ ይታሰራሉ፤ አንዱ ሰው ማጠፊያውን ተጭኖ ይዞ ሌላው ቡሎኖቹን ቀስ በቀስ ያላላል፤ ክዳኑም በወፍራም ብርድ ልብስ ላይ ተገልብጦ ይቀመጣል። ፊትዎን በማጠፊያው አቅጣጫ አያድርጉ።

አሮጌውን ማንሳት

የላላውን ክፍል በእጅ ይላጡ፤ ሙጭጭ ያለውን ደግሞ በመፋቂያው ከሥሩ እየገቡ ያንሱት። መፋቂያው ከጠርዙ ጋር ተኝቶ መሄድ አለበት፤ ቀጥ ተደርጎ ከተገፋ ሴራሚኩን ይሸርፋል፣ የሚያብረቀርቀውን የውጭ ሽፋንም ይቧጭራል። ማጣበቂያው ጠንክሮ እምቢ ካለ ሙቅ አየሩን በአንድ ጊዜ በአንድ ስንዝር ያህል ቦታ ላይ ወዲያ ወዲህ እያሉ ይንፉበት፤ ሲለሰልስ ወዲያው ይፋቁ። መሣሪያውን በአንድ ነጥብ ላይ ማቆም ሴራሚኩን ወጣ ገባ ባለ ሙቀት ስለሚያስጨንቀው አይመከርም።

አሮጌውን ጋስኬት በኃይለኛ እሳት አንድዶ ማርገፍ የሚመርጡ ሰዎች አሉ፤ እኔ አልመክርም። የሚነደው ማጣበቂያ መጥፎ ጢስ ያወጣል፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ የሚቀረው ጥቁር ቅሪት ከበፊቱ ይልቅ ጠጣር ሆኖ ከሴራሚኩ ቀዳዳዎች ጋር ይዋሐዳል። ግማሽ ሰዓት ለማትረፍ ተብሎ ብዙ ሰዓት ይባክናል።

ጠርዙን ማጽዳት

የሥራው ውጤት የሚወሰነው እዚህ ነው። መፋቂያው የተወውን ቅሪት በሽቦ ብሩሽና በብርጭቆ ወረቀት ቀስ ብለው ያንሱት፤ ብናኙን በቫኪዩም ይጥረጉ። ከዚያ በፊት በሙቅ አየር የሠሩ ከሆነ ጠርዙ በእጅ ሲነካ ሙሉ በሙሉ እስኪቀዘቅዝ ይጠብቁ፤ መሣሪያውንም ከኤሌክትሪክ ነቅለው ያርቁት። ቅደም ተከተሉ ምንጊዜም ሙቀት ቀድሞ፣ አሴቶን ተከትሎ ነው፤ ፈጽሞ መገልበጥ የለበትም። የአሴቶን ትነት ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ገደማ በሆነ ቅዝቃዜ እንኳ የሚቀጣጠል ሲሆን ከአየር ስለሚከብድ በግሪሉ ሆድ ውስጥ ይጠራቀማል። በአካባቢው ሲጋራ፣ ሻማ፣ የሚነድ ምድጃ ወይም ብልጭታ የሚያወጣ መሣሪያ አይኑር፤ የታችኛው የአየር በርም ክፍት ይሁን።

አሴቶኑን በጠርዙ ላይ አያፍስሱ፤ በጨርቅ ላይ ጥቂት እያደረጉ ይጥረጉ። ጋስኬቱ የተለጠፈበት የጠርዙ ፊት በብዙ ግሪሎች ላይ ያልተለበጠ ጥሬ ሴራሚክ ስለሆነ ፈሳሹን ይመጥጣል። ጨርቁ ቡናማ ሆኖ መምጣቱን እስኪያቆም በአዲስ ጨርቅ ይደጋግሙ። ጠርዙ ንጹሕ መሆኑን የሚያረጋግጡት በጣት ነው፦ ደረቅ ጣት ሲያልፍበት እንደ ጠመኔ ሻከር ብሎ ሊሰማዎት ይገባል፤ የሚያዳልጥ ወይም የሚጣበቅ ቦታ ካለ ስብ ወይም ሙጫ ቀርቶበታል። ሳሙናና ውኃ አይጠቀሙ፤ እርጥበቱ በሴራሚኩ ውስጥ ቆይቶ ማጣበቂያውን ያስለቅቃል። ከዚያ የአሴቶኑ ጠረን ሙሉ በሙሉ እስኪጠፋ ድረስ ክዳኑ ክፍት እንደሆነ ይቆይ። የተጠቀሙባቸውን ጨርቆች ከቤት ውጭ ዘርግተው ካደረቁ በኋላ ያስወግዱ።

አዲሱን መለጠፍ

በመጀመሪያ ያለ ማጣበቂያ በጠርዙ ላይ ዘርግተው ይሞክሩት። ጋስኬቱ ከውስጠኛው ጠርዝ ወደ ውስጥ አልፎ ከተንጠለጠለ ነበልባል ያገኘዋል፤ ስለዚህ ከውስጠኛው ጠርዝ ጥቂት ሚሊ ሜትር ወደ ውጭ ሸሸት ብሎ ቢጀምር መልካም ነው። መነሻው በማጠፊያው በኩል፣ ከኋላ ይሁን፤ መጋጠሚያው ከእጅና ከዓይን ይርቃል። የላይኛውና የታችኛው መጋጠሚያ ግን አንዱ በሌላው ላይ እንዳያርፍ በአንድ መዳፍ ያህል ያራርቋቸው።

ሲሊኮን የሚጠቀሙ ከሆነ እንደ ክብሪት እንጨት የቀጠነ መስመር በጠርዙ መሐል ያውጡና በስፓቱላ አስተኝተው ስስ ሽፋን ያድርጉት። በአንድ ጊዜ ከሩብ ዙሪያ በላይ አይቀቡ፤ ቶሎ ስለሚገግር ቀሪው ሳይለጠፍ ይደርቃል። ማጣበቂያው ከበዛ በጋስኬቱ ውስጥ ሰርጎ ላዩ ላይ ይወጣል፣ ያ ቦታም ደርቆ እንደ ፕላስቲክ ጠጣር ስለሚሆን መግጠም አይችልም።

ጋስኬቱን ሲያስተኙ አይወጥሩት። የጀማሪ እጅ ቀጥ ያለ መስመር ለማግኘት ሲል ይስባል፤ የተሳበ ጋስኬት ግን በመጀመሪያው እሳት ይሰበሰብና መጋጠሚያው ላይ የጣት ስፋት ያለው ክፍተት ይተዋል። ከመሳብ ይልቅ በአውራ ጣት ወደ ኋላ ገፋ፣ ገፋ እያደረጉ በትንሹ አጨቅ አድርገው ያስተኙት። ተለጣፊ ጀርባ ያለውን የመሸፈኛ ወረቀቱን በአንድ ጊዜ አይላጡ፤ በአንድ ስንዝር በአንድ ስንዝር እየላጡ ይጫኑ። ዙሪያው ሲያልቅ ትርፉ በመነሻው ላይ ተደርቦ ይቆይ፤ ሌላው ሁሉ ከተጫነ በኋላ ሁለቱም ጫፍ ሳይበላለጥ እንዲጋጠም ትርፉን በመቀስ ይቁረጡ። ፋይበርግላስ ከሆነ ከመቁረጥዎ በፊት የሚቆረጠውን ቦታ በጥቂት ሲሊኮን ቀብተው ያድርቁት፤ ጫፉ አይተረተርም። ፋይበርግላስ ቆዳን ስለሚያሳክክና ብናኙ ስለሚያስቸግር ጓንቱና ጭንብሉ እስከ መጨረሻው አይውለቁ።

መዝጋት፣ ማስተካከልና ማድረቅ

በሁለቱ ጋስኬቶች መካከል እንደ ዳቦ መጋገሪያ ወረቀት ያለ የማይጣበቅ ነገር ያድርጉና ክዳኑን በቀስታ ይዝጉ። ይህ ከተዘነጋ የሰረገው ሲሊኮን ክዳኑንና አካሉን ያጣብቃቸዋል፤ ሲከፈትም አዲሱ ሥራ ተቀድዶ ይነሳል።

መጀመሪያ በጠመኔ ያሰፈሩት ምልክት ክዳኑ ማዘንበሉን አሳይቶ ከሆነ ጊዜው አሁን ነው። ክዳኑ ተዘግቶ፣ ረዳትዎ የማጠፊያውን ቀበቶ ወደ ታች ተጭኖ ይዞ፣ የላይኛውን ቀበቶ ቡሎኖች ክዳኑ በራሱ ክብደት እስኪቀመጥ ብቻ ጥቂት ያላሉ፤ ዳዶዎቹን ፈጽሞ አያውልቁ። ክዳኑን ከላይ በሁለት እጅ ይዘው ከታችኛው አካል ጋር ዙሪያውን እኩል እስኪሆን ያንቀሳቅሱት። ከዚያ ቡሎኖቹን ግራና ቀኝ እያፈራረቁ ያጥብቁ። ቀበቶው ክዳኑን አጥብቆ መያዝ አለበት፤ ሆኖም ቁልፉ እምቢ እስኪል መጠምዘዝ ሴራሚኩን ሊሰነጥቀው ይችላል። ከማጥበቅ በኋላ ክዳኑን ለመጀመሪያ ጊዜ ሲከፍቱ አንድ እጅ ከሥሩ ይኑር፣ እየተንሸራተተ እንደሆነም ይመልከቱ።

ማጣበቂያው 24 ሰዓት ሳይነካ ይቆይ። ሲሊኮን የሚደርቀው ከአየር በሚያገኘው እርጥበት ስለሆነ በእሳት ማፋጠን አይቻልም።

የመጀመሪያዎቹ እሳቶች

ለመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ጊዜያት ሙቀቱን ከ150 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ አያሳልፉ። ረጋ ያለው ሙቀት የቀረውን ማጣበቂያ ያጠነክራል፣ የክዳኑ ክብደትም ጋስኬቱን ቀስ በቀስ ወደ ቅርጹ ያስገባዋል። በመጀመሪያው እሳት የኮምጣጤ የሚመስል ወይም የሚያቃጥል ሽታ ሊኖር ይችላል፤ ሽታው እስኪጠፋ ምግብ አያስገቡ።

አዲስ ጋስኬት ያለው ግሪል ከቀድሞው ይልቅ አየር ስለማያስገባ ሲከፈት የበለጠ ጥንቃቄ ይጠይቃል። በሮቹ ጠበብ ተደርገው ፍሙ ኦክስጅን ሲያጥረው ያልነደደ ጋዝ ከክዳኑ ሥር ይጠራቀማል፤ ክዳኑ በድንገት ሲነሳ አየር ይገባና ነበልባል ወደ ፊት ይፈነዳል። ስለዚህ የአየር በሮቹን አስቀድመው ይክፈቱ፣ ክዳኑን 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ አንስተው ለጥቂት ሰከንዶች አየር እንዲገባ ያድርጉ፣ ከዚያ ቀስ ብለው ሙሉ በሙሉ ይክፈቱት፤ ፊትዎንና ክንድዎንም ከጎን ያድርጉ። ግሪሉ በቤት ውስጥም ሆነ በተዘጋ ጋራዥ ውስጥ አይነድም፤ ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፣ ጋስኬቱ ምንም ያህል ቢገጥምም ጋዙ በላይኛው በር ይወጣል።

ጥቂት እሳት ካለፈ በኋላ አዲሱ ጋስኬት ስለሚተኛ ቀበቶው ጥቂት ሊላላ ይችላል። ግሪሉ ሙሉ በሙሉ ሲቀዘቅዝ፣ ክዳኑ እንደተዘጋ ቡሎኖቹን ይፈትሹ፤ የወረቀቱንም ፍተሻ ዙሪያውን ይድገሙት። መጋጠሚያው ላይ ስስ ክፍተት ካገኙ ጋስኬቱን በሙሉ ማንሳት አያስፈልግም፤ በዚያች ቦታ የጋስኬት ቁራጭ በጥቂት ሲሊኮን ሞልተው፣ ከላይ የማይጣበቅ ወረቀት አድርገው፣ ሌላ 24 ሰዓት ዘግተው ያቆዩት።